ለጀማል ሰርግ የሚሆን ጠመንጃ

ሰኞ፣ ጥር 4

እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

ታናሽ ወንድሜ አሊ ደወለ። ድምፁን ከሰማሁ ዓመት ከምናምን ሆኖኛል። ጤናህስ፣ ቤቱስ፣ ሀያትስ ትደውላለች ወይ፣ ሁሉንም ጠያይቆ ሲያበቃ «አያ፣ እሑድ ጀማልን ልንድረው ነው» አለኝ። ጀማል የበኩር ልጁ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ልዘጋ ስል «ቆይ እንጂ! የልጅቷ ወገኖች ቅል ይሰቅላሉ። ካንተ በቀር ማን ተኳሽ አለን?» አለ። እኔም አፌ ቀደመኝና እሺ አልኩት።

ልጄ ሀያት ከተማ ያደገች ናት። አንድ ቀን ይህን ደብተር ካነበበችው እንዳይምታታባት የቅሉን ነገር ልጻፈው። ዳገቱ ላይ ያሉ መንደሮች ልጃቸውን ሲድሩ፣ ከሸለቆው ማዶ ዛፍ ላይ በኖራ የነጣ ቅል ያንጠለጥላሉ። የወንዱ ወገን ከወዲህ ማዶ ይቆማል። አንድ ተኳሽ ያወጣል። ሦስት ጥይት አለው። ከመታ በእልልታ ይገባሉ። ከሳተ ሴቶቹ እስኪበቃቸው ድረስ ይዘፍኑባቸዋል፣ ከዚያ አንድ በግ ሰጥተው ይገባሉ። በቅል የተነሳ ሙሽራ የተከለከለ ሰው የለም። የሳተው ሰውዬ ግን ስሙ በየሰርጉ ሲነሳ ይኖራል።

እኔ በወጣትነቴ ሦስት ሰርግ ላይ በመጀመሪያው ጥይት መትቻለሁ። ይህንን እስካሁን የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ችግሩ እሱ ነው።

ቀኝ ዓይኔ ከሰኔ ጀምሮ አያይም። ወተት የፈሰሰበት ብርጭቆ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም ሞራ ነው አለች፤ ደሴ ሄደው ያስገፍፉት፣ ዓይንዎ ስለሚታሸግ ሰው ይዘው ይሂዱ አለችኝ። ማንን እንደምይዝ ሳስብ ስድስት ወር አለፈ። ለማንም አልነገርኩም። ሠላሳ ዓመት በቀያሽነት በዓይኔ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ ዓይኔ ጠፋ ብዬ ለማን ላውራ?

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ቁርስ፦ ዳቦ በሻይ፣ ያለ ስኳር። ምሳ፦ ያው ሽሮ። እራት፦ ከምሳ የተረፈው ሽሮ።

(ደብተሩን የገዛሁት ለዚህ ነበር። ስኳር አለብህ፣ የምትበላውን ጻፍ ተብዬ። አሁን ከሽሮው ይልቅ ወሬው በዛ።)

ጠመንጃ የለኝም። የራሴን ሀያት ለሥራ ጅዳ ስትሄድ ሸጥኩት። አሊ «የኔን ክላሽ ይዤልህ እመጣለሁ» ብሏል። ግን በየትኛው እንደሚታየኝ ሳላውቅ እስከ እሑድ እንዴት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ? ድሮ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ይማም አሁንም እዚያው ጥበቃ ነው። «አንተ ቀያሹ! በሕይወት አለህ እንዴ?» አለኝ። ቀልዱን ነው። ቤት እስክገባ ድረስ ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጥይቱን አውጥቶ ክላሹን ሰጠኝ። ግቢው ጥግ ያለው የውኃ ሮቶ ላይ አነጣጠርኩ። በቀኝ ዓይኔ ሮቶውም የለም፣ አጥሩም የለም። ወደ ግራ ትከሻዬ አዞርኩት። ሮቶው መጣ። ግን ክላሽ አጭር ነው፤ የፊቱ ማነጣጠሪያ ለዓይን ስለሚቀርብ ለኔ ቢጤ ሽማግሌ ብዥ ይልና ሁለት ይሆናል። ከሁለቱ በየትኛው ልተኩስ? የጥበቃ ጓደኛው ጠመንጃ ሲሞኖቭ ነው፤ ረዘም ስለሚል ይሻላል። በግራ ትከሻ ሲይዙት ግን ቀለሁ በአፍንጫ ሥር ነው የሚያልፈው። ደግሞም የመንግሥት ነው፣ ከግቢ አይወጣም።

ይማም ዓይኑን አፍጥጦ «በግራ? ከመቼ ወዲህ?» አለኝ።

«ቀኝ ትከሻዬን አሞኝ ነው» አልኩት። ዋሸሁ።

መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ቢገኝ እኔም አልቸገርም ነበር። ለቅል ግን አይፈቀድም። ቢፈቀድስ ከየት አባቴ አመጣለሁ!

እንግዲህ የቀረው ምንሽር ነው። ረጅም ነው። የፊቱ ማነጣጠሪያ ከዓይኔ ስለሚርቅ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ከሁለት መቶ ሜትር በላይም ጥይቱ አይዋልልም። ይማም ጨፋ ሮቢት ያሉ ሀጂ ኡመር የሚባሉ የእህል ነጋዴ የአባታቸው ምንሽር አላቸው አለኝ። ነገ እሄዳለሁ ኢንሻአላህ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

አገኘሁት! አልሐምዱሊላህ።

በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ገበያው ገና እየሞላ ነበር። ሀጂ ኡመር ከኔ በአምስት ስድስት ዓመት ይበልጣሉ። ከመጋዘናቸው ደጅ ሆነው «ኮቱ! ኮቱ፣ ታኢ!» ና ተቀመጥ ብለው ጎትተው አስቀመጡኝ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ መጠየቅ ጀመሩ። የማን ልጅ ነህ፣ አባትህን አውቀው ነበር፣ እናትህ የየት አገር ሰው ነበረች፣ ወንድም አለህ፣ ሚስትህስ... ሚስትህስ ሲሉ አቋረጥኳቸው።

«ሀጂ፣ ለእሑዱ ሰርግ ጠመንጃዎን ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «የእሑዱን?»

«አዎ።»

«ለቅሉ?»

«አዎን።»

በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ግቡ እንየው» አሉ፤ በአንድ ጊዜ አንቱ አደረጉኝ።

በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ ዘይት የጠጣ፣ ሰደፉ የጠቆረ ምንሽር ነው። መሬት ላይ ሲያቆሙት አፈሙዙ ደረቴን ያልፋል። አንድ ጥይት ፈቀዱልኝ። ዛሬ ጊዜው ተኩስ ሲሰማ እናቶች እየሮጡ ልጆቻቸውን የሚሰበስቡበት ነው። ስለዚህ ሀጂ መጀመሪያ ለሚሊሻው፣ ቀጥሎ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልንሞክር ነው፣ አትደንግጡ» ብለው አስነገሩ። ማሽላው ታጭዶ ባዶ የቀረው ማሳ ማዶ፣ ገደሉ ሥር አንድ ነጭ ድንጋይ ነበር። በዓይኔ ለካሁት። መቶ ሰማንያ ሜትር። ይህን እንኳ ግራ ዓይኔ አልረሳም።

በሆዴ ተኛሁ። በግራ ትከሻዬ። ማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ ጠመኔ ቀባሁ። ቢስሚላህ ብዬ ቃታውን ሳብኩ።

ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ።

ወላሂ ልቤ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። ሀጂ «ማሻአላህ! ሻይ እየፈላ ነው፣ ቁጭ በሉና እናውጋ፤ የምነግርዎት ነገርም አለኝ» አሉ። «እቸኩላለሁ» አልኩ። ምን የሚያስቸኩል ነገር አለኝ? ምንም። ከሰው ቤት ተቀምጦ ማውጋት ጠፍቶብኛል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ሳይመጣ ስለ ሚስቴ ስለ ዘሀራ ይጠይቁኛል፣ ሞተች እላለሁ፣ አላህ ይርሐማት ይላሉ፣ ከዚያ ዝም እንባባላለን። «በሉ እንግዲያው እሑድ እኔው ይዤው እመጣለሁ» አሉኝ። ገለቶማ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ምሳ፦ ረሳሁት። ጨፋ ሮቢት ላይ ሙዝ በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ቀኑን ሙሉ በመጥረጊያ እንጨት ስለማመድ ዋልኩ።

ሳቂ ዘሀራ፣ ሳቂብኝ። ከቀሚስሽ የወደቀውን ጥቁር ቁልፍ በሳሙና ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ እንጨቱን በግራ ትከሻዬ ደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጣቴን ስስብ። ሃምሳ ጊዜ። ቀኝ እጄ ልማዱን አልተው ብሎ አስቸገረኝ።

ጎረቤቴ ከዲጃ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አያ ሁሴን፣ ደህና ነዎት? መጥረጊያው ምን አድርጎ ነው?» አለችኝ።

«ወገቤን እያፍታታሁ ነው።»

«በመጥረጊያ?»

«አንቺ ደግሞ! ሐኪም አዞኝ ነው።»

ትንሽ ቆማ አየችኝና ሄደች። ከሰዓት ምስር ወጥ ላከችልኝ። ይህች ሴት ምን እንደምትፈልግ አላውቅም፤ በየሁለት ቀኑ አንድ ነገር ትልካለች፣ አንድ ነገር ትጠይቃለች። ወጡ ግን ይጣፍጥ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 8

ከጁምዓ መልስ ሀያት ደወለች። አሠሪዎቿ ተኝተው ስለነበር በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ስለ ሰርጉ ነገርኳት። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት።

«ከአጎቴ ጋር ታረቃችሁ ማለት ነው?»

«ታረቅን ማለት እንኳ... ተኳሽ ፈልገው ነው።»

«አባ ደግሞ! ሰርግ እኮ ነው፤ ዘፈን አለ፣ ሥጋ አለ፣ ዘመድ አለ። ለተኩሱ ብቻ ነው የምትሄድ?»

እሷ የጸቡን ምክንያት አታውቅም። ከአሊ ጋር የተጣላነው ዘሀራን ቀብረን ሳንከርም ነው። «ቤትህን አከራይና እኛ ዘንድ ና፣ እንጡርህ» አለኝ። እንጡርህ! ሰው ሁሉ በተቀመጠበት። እኔ ታላቁ፣ እሱን በጀርባዬ አዝዬ ቦርከናን ያሻገርኩት፣ ልጦር? ብድግ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቱን አልረገጥኩም። ሁለት አረፋ ሰው ልኮ ጠርቶኝ ሁለቱንም ጊዜ አሞኛል ብያለሁ።

አሁን የጠራኝ ሊጦረኝ አይደለም፤ ስለምጠቅመው ነው። ለዚህ ነው እሺ ያልኩት። ለዚህም ነው የፈራሁት። ከመታሁ ወንድም እሆናለሁ፣ አጎት እሆናለሁ፣ ለሚቀጥለውም ሰርግ እጠራለሁ። ከሳትኩ ግን ሞራ ያለበት ሽማግሌ ነኝ፤ ያን ሰው ማን ብሎ ይጠራዋል? ለሀያት ይህን አላልኳትም። «ሥጋም እበላለሁ» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ነጭ ጀለቢያዬን አጠብኩ። ጢሜን አስተካከልኩ። በመጥረጊያ ሠላሳ ጊዜ።

 

ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቼ ለአሊ አሞኛል ልለው ነበር። ሁለት ጊዜም መልሼ አስቀመጥኩት። ምንሽሩ ካለ ይሆናል። በዚያ ጠመንጃ ይታየኛል። ሌላ ነገር አላስብም።

እሑድ፣ ጥር 10

ሦስቱንም ሳትኩ። የጻፍኩት አሊ ቤት ሆኜ ነው። ደክሞኛል፣ ነገ።

ሰኞ፣ ጥር 11

እስቲ በተራ ልጻፈው።

ትናንት በጠዋት ከሚሴ ቤቴ ድረስ ሚኒባስ ይዘው መጥተው ወሰዱኝ። ጀማል ጉልበቴን ሳመ። ጎርምሷል፣ አባቱን መስሏል። ሙሉ ሱፍ ለብሶ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። አሊ አጠገቤ ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ አወራ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም እንደዚያው።

ሸለቆው አፋፍ ላይ ወረድን። የማዶው ሰው ጥቁር ደመና ሆኖ ይታየኛል። ቅሉን በግራ ዓይኔ ፈልጌ አገኘሁት፤ ዋንዛው ላይ፣ ነጭ፣ ትንሽ። ሁለት መቶ ሃያ ሜትር ገደማ። ይቻላል አልኩ በልቤ።

ሀጂ ኡመር ምንሽሩን ይዘው መጡ። ግን ከወዲህ አልመጡም። ከወዲያ፣ ከማዶው ሰው መሀል ወጥተው ነው ሸለቆውን የተሻገሩት። የልጅቷ ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ሁሉም ይስቃሉ።

ለካ የሙሽሪት እናት የሀጂ ኡመር እህት ናት!

የሴት ወገን ጠመንጃ በሴት ወገን ቅል ላይ አይነሳም። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ጠመንጃ ሊዋስ የሄደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ባለ ጠመንጃው የማን ዘመድ እንደሆኑ ይጠይቃል፣ እነማን እነማንን እንደሚድሩ ያወራል፣ ሻዩን ይጠጣል። እኔ ግን ሰው ማናገር ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሱቅ ደንበኛ «ጠመንጃዎን» ብዬ ገባሁ፣ ይዤ ልወጣ። ሀጂ «ልነግርዎት ነበር እኮ፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆዩም! ኋላ እንግዲህ እዚያው ይስማ አልኩ» አሉና በሳቅ ፈረሱ። ሽማግሌዎቹም «እንዴት ያለ ደፋር አማች ነው፣ በኛው መሣሪያ ሊወጋን!» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። 

አሊ ክላሹን አመጣ። አጭሩን። ያዝኩት። በግራ አነሳሁት። ቅሉ አንድ ጊዜ ሁለት ሆነ፣ አንድ ጊዜ ጠፋ።

ወንድሜን በክንዱ ጎትቼ ከሰው ገለል አደረግኩት። «አሊ፣ ቀኝ ዓይኔ ሞቷል። አላይም። ሌላ ሰው ይተኩስ። ላዋርዳችሁ አልፈልግም።»  እውነቱን ልጻፍና፣ አለቀስኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ዓይንህን ነዋ። ከዲጃ በየሳምንቱ ትነግረኛለች። ሻይ ከብርጭቆ ውጭ ስትቀዳ፣ የበሩን መቃን በግንባርህ ስትመታ። እኔ ነኝ እዪልኝ ያልኳት።»

 «ታዲያ እያወቅህ ለምን ተኩስ ብለህ ጠራኸኝ? መሳቂያ ልታደርገኝ?»

«አያ፣ ያለ ቅሉ ብጠራህ ትመጣ ነበር?»

 አልመጣም ነበር። አሞኛል እል ነበር።

«በል ተኩስና ና፤ ፀሐዩ በረታ» አለኝ። «በጉ መኪናው ጣሪያ ላይ ነው። ከከሚሴ ጀምሮ አብሮን ነው የመጣ፣ አላየኸውም እንዴ?»

አላየሁትም። ሲጮህም የመንገድ በግ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ተኮስኩ። ሦስቱም ወደ ሰማይ ሄዱ ይሁን ወደ መሬት አላህ ይወቅ። ከማዶ ሴቶቹ ከበሮውን አነሱት፤

ቅሉ ተንጠልጥሎ ያያል በደስታ፣
ሦስት ጥይት ሄደ ለነፋስ ሰላምታ!

አፈርኩ፣ ወላሂ አፈርኩ። ጀማልን አየሁት፤ ሙሽራው ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አሊ በጉን ከጣሪያ ሲያወርድ በጉ አምልጦት ሸለቆ ለሸለቆ አስሮጠው፣ አማች በሙሉ ተከትሎ ሲሮጥ እኔም ሳቄ መጣ። እንዲህ ስስቅ ዘሀራ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ስንገባ ሀጂ ኡመር ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሻይ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ፤ በስኳር፣ ምን አባቱ። ስለ ዘሀራም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም ስለ ሚስታቸው ነገሩኝ፤ እሳቸው አራት ዓመታቸው ነው። ዝም አልተባባልንም።

ዛሬ ግን ስነሳ ተናድጄ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በመጥረጊያ ስታገል ለካ ማንም ከኔ ጥይት የሚጠብቅ አልነበረም! አታሎኛል። በጎረቤቴ አሰልሎኛል። ለአሊ ይህንኑ ነገርኩት። «አዎ» አለ። ይቅርታ እንኳ አላለም። ከዚያ «ሐሙስ መልስ ነው፣ ሙሽሮቹ ይመጣሉ፣ እስከዚያ ቆይ» አለኝ።

«ቤቴ መግባት አለብኝ» አልኩት።

«ማን ይጠብቅሃል?»

ለክፋት አይደለም የጠየቀኝ። የጠየቀው እንደ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰዓት ደጅ ተቀምጬ አሰብኩበት፤ ከቤቱ ውስጥ ሰው ይጮሃል፣ ሳህን ይወድቃል፣ አንዱ አንዱን ይጣራል። አንድ ሁለቴ የኔንም ስም ጠሩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ስገባ ረስተውት ነበር።

ለአሊ እስከ ሐሙስ እቆያለሁ አልኩት። ከሐሙስ በኋላ ስላለው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ ገና አላውቀውም።